የፉአድ መጻሕፍት

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴም ሐሜቴንና የገደፍኩትን ጾም ስናዘዝ ኖሬ፣ ይህችን ግን በየዓመቱ እየዘለልኩ አልፌያለሁ። ዛሬ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናገር ነው። ሰርቄያለሁ። የሰረቅሁት አንድ ልብ ወለድ ነው። ትንሽ ነገር መሰላችሁ? እኔም መስሎኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ ከጎጃም ሐረር ተመድቤ ስመጣ ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆንኩ። ከጎኔ የምትጽፈው ሳሚያ የጀጎል ልጅ ናት። በገባሁ ሳምንት፣ መሳቢያዬን ከፈት አድርጌ ተደብቄ ሳነብ ያዘችኝና፣ «ስትጨርሺ ለኔ፤ እኔም አመጣልሻለሁ» አለችኝ። ወዳጅነታችን እንዲህ ተጀመረ። እሷ የሚያስለቅሱ ደራሲዎችን ትወዳለች፣ እኔ ተንኮል የሚጎነጉኑትን። በሻይ ሰዓት «ምን አድርጋው ነው የገደላት?» እያልን ደራሲውን ስናማ፣ አለቃችን እውነተኛ ሰው የሞተ መስሎት ደንግጦ ያውቃል።

ሳሚያ የምታመጣቸው ሁሉ የታላቅ ወንድሟ የፉአድ ነበሩ። ፉአድ አንድ ጠዋት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ጅቡቲ ተሻግሯል የሚል አለ፣ ሞቷል የሚልም አለ። መጻሕፍቱ ግን እናቱ ቤት፣ ግድግዳው ውስጥ በተሠሩት መደርደሪያዎች ላይ፣ ከሰሃኖቹ ጎን ተደርድረው ነበር። እሱ ቀድሞ እያነበበ በየገጹ ዳር ለእህቱ በእርሳስ ይጽፍላት ነበር። «ሳሚ፣ ይህን ሰውዬ እንዳታምኚው።» «እዚህ ጋ ካላለቀስሽ እህቴ አይደለሽም።»

ደንባችን ሦስት ቀን ነው። ስለ አንድ ባቡር ነጂ ሚስት የሚተርከውን ያዋሰችኝ ጊዜ፣ በሁለት ቀን ጨርሼ በሦስተኛው እንደገና ጀመርኩት። ታሪኩን ወደድኩት። የፉአድን ጽሑፍ ደግሞ የበለጠ ወደድኩት። ለእኔ እንዲህ ብሎ የጻፈልኝ ሰው አልነበረም። የኔ እንዲሆን ፈለግሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። አንድ ሳምንት ጨምሪልኝ ብላት እምቢ ትለኝ ነበር? አትልም።

በአራተኛው ቀን ሳሚያ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ትናንት ሰፈራችን ፍተሻ ነበር። ወሰዱት» አልኳት።

ፍተሻ የነበረው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ከቤቴ የወሰዱት ነገር አልነበረም። ሳሚያ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ዘውዴ፣ የፉአድ ስም እኮ አለበት። የማን ነው ብለው ጠየቁሽ?»

እዚህ ላይ መመለስ እችል ነበር። ውሸቴ እንዲጸና ብዬ ግን ሌላ ጨመርኩበት። «ጠይቀውኛል። አልተናገርኩም።» ሳሚያ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ።

በማግስቱ ሥራ አልገባችም። ማታ ከሥራ ስወጣ ወደ ጀጎል፣ እነሳሚያ ቤት ሄድኩ። መደርደሪያዎቹ ላይ ሰሃኖቹ ብቻ ቀርተዋል። እናቷ ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብለው በሳፋ አመድ ያፍሳሉ።

«ሁሉንም?» አልኳት ሳሚያን።

«ሁሉንም። እናቴ አንድ እንኳ እናስቀር ብላ ለምናኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ነገ መጥተው ቢያገኙትስ? ወላሂ ዘውዴ፣ እያንዳንዱን ገልጬ የጻፈውን እያነበብኩ ነው እሳት ውስጥ የጨመርኩት።»

እናቷ አመድ በነካው እጃቸው ጭንቅላቴን ያዙ። «አላህ ይጠብቅሽ ልጄ። አንቺ ባትነግሪን ኖሮ ይህችንም ልጄን ያሳጡኝ ነበር» አሉኝ።

መጽሐፉ ሐኪም ከሚባለው ጋራ ሥር በተከራየሁት ክፍል፣ ፍራሼ ውስጥ ነበር። ሄጄ ማምጣት እችል ነበር። የተቃጠለውን አይመልስም፤ ግን እኚያ እናት ከልጃቸው እጅ አንድ ነገር ይቀርላቸው ነበር። እኔ «አሜን» አልኳቸው። አሜን! ከስርቆቴም ከውሸቴም ይልቅ ይህች ቃል ታቃጥለኛለች። ፈርቼ ነው ልበል? ማን ይገድለኝ ነበር? አፈርኩ፤ ለኀፍረቴ ብዬ እኚያን እናት ባዶ እጃቸውን አስቀረኋቸው። ቤቴ ገብቼስ ምን አደረግሁ? ፍራሼን ገልጬ ካቆምኩበት ገጽ ማንበብ ቀጠልኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወርኩ። ሳሚያ አውቶቡስ ድረስ ሸኘችኝ፤ እያለቀሰች ስታቅፈኝ መጽሐፉ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ አንድ የቀድሞ ባልደረባችንን አገኘሁ። የሳሚያ እናት ማረፋቸውን፣ የፉአድ ወሬ እስከ ዛሬ አለመሰማቱን ነገረችኝ። ሳሚያ ደህና ናት፣ ወልዳለች። «ስምሽ ሲነሳ ለልጆቿ ምን እንደምትላቸው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ያቺ ባትኖር እናንተም አትኖሩም ትላቸዋለች።»

ሰላም በይልኝ ብዬ ተለየኋት።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው ሳሚያ ናት፤ ሳሚያ ደግሞ በየቀኑ ታመሰግነኛለች።