ስስ ማሳ አይሰለስም

አርብ ገበያ ላይ የሰኔው ዝናብ ድንገት ሲወርድ ሰው ሁሉ ወደየጣሪያው ሮጠ። አያ ደምሌ ግን ከአህያቸው ያወረዱትን የጨው ጆንያ ታቅፈው መሐል መንገድ ላይ ቀሩ። ያኔ ካሣነሽ ከፎቶ ኮፒ ቤቷ ወጣች። የማተሚያውን ፕላስቲክ ገፍፋ ጨዉን ሸፈነችው፤ ሽማግሌውንም እጃቸውን ይዛ አስገባች። ከቤተ ልሔም ለገበያ የመጣው፣ ይህን የሚጽፈው ሰው በረንዳዋ ሥር ተጠልሎ ያይ ነበርና እሱንም "ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ!" አለችው።

እንግዳ ማጫወቻ ጊዜ ግን አልነበራትም። ካሣነሽ ከአሥረኛ ክፍል ከወጣች ወዲህ ኮምፒውተርን ያወቀችው ከማሽኑ ጋር ብቻዋን እየተሟገተች ነው። ሰሞኑን ልቧን የያዘው የቤተ ልሔሙ የዜማ መምህር፣ የየኔታ ተክለ ማርያም ድምፅ ነበር። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ጠፍቷል። የቀረው ድሮ በካሴት የተቀዳው ብቻ ነው፤ እሱንም እሷ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብታዋለች። ይሁን እንጂ ለተማሪ ይፈጥናል። ድምፁን ሳያጎረንን አዝግሞ የሚያሰማ ፕሮግራም ካልተገኘ፣ ተማሪዎቹ በነጋታው ወደየአገራቸው ሊበተኑ ነው።

ተሠርቶ ያለቀው ፕሮግራም በአሮጌው ማሽኗ ላይ አልነሣ ስላለ፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ አውርዳ እዚያው ልትሠራው ተነሣች። ኮዱን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር ነው። እግረ መንገዱን ምን ያህል እንዲያሻሽለው በቁጥር ይነገረዋል፤ ከዜሮ እስከ ሦስት። በዜሮ ቶሎ አለቀላት፤ የየኔታ ድምፅ ግን እየተቆራረጠ ወጣ። ከበዛ ይሻላል ብላ ሦስት ሰጠችው። ብዙ ጠብቃ ስትከፍተው ጭራሽ ባሰበት።

"ምነው ልጄ፣ ተከፋሽ?" አሉ አያ ደምሌ ጢማቸውን እየጠረጉ።

"ሰልሼ ባርሰውም እንቢ አለኝ፣ አያ!"

"ማሳው እንዴት ያለ ነው?"

ሣቀች። "አሮጌ ነው። ጠባብ፣ ስስ።"

"ታዲያ ስስ ማሳ ይሰለሳል እንዴ? የገበሬው የይስማው ልጅ አይደለሽ! አድቅቀሽ አድቅቀሽ ለጎርፍ ልትሰጪው? ደግመሽ፣ በሁለት እርሻ ተይው!"

ካሣነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሦስተኛው ደረጃ ለፍጥነት ሲል ያንኑ ሥራ እየደጋገመ እየጻፈ ፕሮግራሙን ያሰፋዋል፤ የእሷ ማሽን ደግሞ ያን ሁሉ የሚይዝበት ቦታ የለውም። በስመ አብ ብላ አማተበችና ሁለት ብላ ጻፈች።

ዝናቡ አባራ። ገበያተኛው ወጣ፣ ሦስቱ ግን ከወንበራቸው አልተነቃነቁም። መብራት እንዳይጠፋ ይህን የሚጽፈው ሰው በልቡ ይጸልይ ነበር። በመጨረሻ ድምፁ መጣ። ሳይቆራረጥ፣ ሳይጎረንን፣ እያንዳንዱ የዜማ እጥፋት እስኪለይ ቀስ እያለ። ካሣነሽ እልልታዋን አቀለጠችው። አያ ደምሌም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ወይ ጉድ! ለካ ሳላውቀው ኮምፒውተር ሳርስ ኖሬያለሁ!"

"አሁን ደግሞ አህያዎን ይስጡኛ፣ አያ።"

"ጨዌን ላዳነ አህያ ይነሣል? ውሰጂው።"

ካሣነሽ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ወደ ጸሐፊው ዞረች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ዛሬውኑ ወደ ቤተ ልሔም ይመለሳሉ አይደል? በእመቤታችን፣ ይቅደሙኝና ተማሪዎቹን 'አንድ ቀን ብቻ ቆዩ' ይበሉልኝ። የደብሩን ጀኔሬተር ያሰናዱ። ማሽኑን ጭኜ ጎሕ ሲቀድ እነሣለሁ።"