የፈረንጆቹ የመጀመሪያ ካሴት

ካሴቱን ነጌሌ ያመጣው የሞያሌ መስመር ሹፌር ነበር። ለልብስ ሰፊው ሰጣቸው። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ቢሆኑም ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ያለው ቴፕ አያርፍም፤ እኛ ሥራ ፈት ወጣቶችም ከዚያ አንጠፋም።

ሽፋኑ ላይ አራት ሰዎች ቆመዋል። ጸጉራቸው ተነፋፍቶ ትከሻቸው ላይ ወድቋል፤ ከንፈራቸው ቀልቷል፤ ሱሪያቸው እግራቸው ላይ የተሰፋ ይመስላል።

«ዋቃዮ! እነዚህ ሴቶች ባል የላቸውም?» አሉ ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው።

«ወንዶች ናቸው እኮ አባባ! የመጀመሪያ ካሴታቸው ነው» አለ ሹፌሩ።

«ወንዶች ከሆኑማ ሱሪውን የሰፋው ሰው ይታሰር።»

ካሴቱ ሲገባ ጊታሩ እንደ ብረት መጋዝ ጮኸ፤ ዘፋኙም ከጊታሩ በላይ ጮኸ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር የማነብ ሰው ስለነበርኩ እንግሊዝኛ የምችል መስሏቸዋል። እኔ ግን ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ነው ግጥም መጻፍ የጀመርኩት፤ ከጩኸቱ አንዲት ቃል አልያዝኩም። ኪሴ ውስጥ ደብተር ነበረኝ። ከእሱ ማንበብ ስጀምር ሁልጊዜ አንዱ የተላከበት ነገር ትዝ ይለዋል፤ ሌላው ያዛጋል።

«ምንድነው የሚለው?» አሉኝ።

ጆሮዬን ቴፑ ላይ ለጠፍኩና የራሴን ግጥም አወጣሁ፦

አንቺን ይዞ ሲሄድ የጭነት መኪና፣
አቧራሽን ቃምኩት ቁርሴ እሱ ነውና።

ማንም አላዛጋም። «ድገመው!» አሉ። «እነዚህ ሰዎች ያውቁበታል!» በየቀኑ አንድ ዘፈን «እየተረጎምኩ» ካሴቱን ጨረስኩት፤ ደብተሬም አለቀ። ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ደስታዬ ያሳፍረኛል።

ከወራት በኋላ የቀበሌው የኪነት ቡድን ግጥም ጸሐፊ ይፈልጋል ተባለ። ከዚያች ከተማ የፈለግሁት ነገር ቢኖር ያ ቦታ ብቻ ነበር። ሄጄ ያንኑ የአቧራውን ግጥም አነበብኩ። ሁለተኛው ስንኝ ሳያልቅ የቡድኑ ጊታር መቺ ሳቀ።

«ይሄ የሴታ ሴቶቹ አይደል እንዴ?»

«የኔ ነው። እንግሊዝኛ አልችልም። ዋሽቼአችሁ ነው።»

ሳቁ ባሰ።

«አቧራው እኮ የነጌሌ አቧራ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ፈረንጅ አገር አቧራ የለም ያለህ ማነው?»

የኪነቱ ኃላፊ በባለሙያ ይጣራ አለ። ካሴቱ ከልብስ ሰፊው መጣ፤ አንድ የእንግሊዝኛ መምህርም ተጠራ። መምህሩ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ዓይኔን ከፊቱ አልነቀልኩም። ጩኸቱ በመጣ ቁጥር ሽፋሽፍቱ ይርገበገባል፤ ግንባሩ አልቦታል። ከእኔ የተሻለ እንዳልሰማ አወቅሁ። አልገባኝም ቢል ነጻ ነበርኩ። ግን ከተቀመጡት መካከል ሁለቱ ተማሪዎቹ ነበሩ።

«ባጠቃላይ...» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አዎ፣ ሐሳቡ ይኸው ነው።»

«ሌብነት!» አለ ኃላፊው። «ለዚያውም ከኢምፔሪያሊስት! ጓድ፣ በሩ በዚያ በኩል ነው።»

ካሴቱን ልመልስ ወደ ልብስ ሰፊው ሄድኩ። የሆነውን ነገርኳቸው። መርፌያቸውን አቁመው ሰሙኝ፤ አዘኑልኝም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያንተ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ያምር ነበር?»

ከመምህሩ ይልቅ ይህቺ ቃል ናት ከልቤ ያልወጣችልኝ። ማጽናናታቸው ነበርና።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያቤሎ ሻይ ቤት ተቀምጬ አጠገቤ አንድ ሹፌር ለረዳቱ ያወጋል። «ከንፈር የሚቀቡት ፈረንጆች ምን እንዳሉ ታውቃለህ?» አለውና ግጥሜን አወረደው። ጥሩ አድርጎ ነው ያለው፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ብቻ «አቧራሽን ላስኩት» አለ።

ዝም ልል ነበር። አልቻልኩም።

«ላስኩት አይደለም» አልኩት። «ቃምኩት ነው የሚሉት።»

«አንተም ካሴቱን ታውቀዋለህ እንዴ?»

«አዎ» አልኩት። «የመጀመሪያቸው ነው።»