የእማማ ወርቄ ዘጠኝ ሰዓት

ባለፈው ሳምንት ከሽሮ ሜዳ ስወርድ፣ በታክሲው ሬዲዮ አንዲት አሮጊት ይናገሩ ነበር። ድምፃቸው ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ሌላው ተሳፋሪ ምንም አልመሰለውም፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። "ወራጅ አለ!" ብዬ መንገዴን በእግሬ ቀጠልኩ።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቀጨኔ፣ ከመድኃኔ ዓለም ዝቅ ብሎ በሚገኝ ጠባብ ስቱዲዮ ድምፅ እቀዳለሁ፣ አርማለሁ። ክረምት ስለነበር ቁልቁለቱ ጭቃ፣ ክፍሉ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ለሬዲዮ ዝግጅት ብለን ሸክላ ሠሪዋን እማማ ወርቄን ቀዳናቸው። በሦስት ቀን ዘጠኝ ሰዓት አወሩ፤ ሰፈሩ እንዴት እንደቆመ፣ "ቡዳ" እየተባሉ እንዴት ልጅ እንዳሳደጉ። በየመሃሉ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ ያጎርሱኝ ነበር።

የቀዳሁት ቦታ እንዳይፈጅ ተጨምቆ፣ በኤምፒስሪ ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ማረሚያው ፕሮግራም ሲከፍተው ግን ፈትቶ ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። ዲስኩ ሞላ፤ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ።

"ጋሽ ተሾመ፣ ሳይፈታ የሚቆራርጥ ፕሮግራም አለ፤ አንድ ቀን ይስጡኝ" አልኩት የስቱዲዮውን ባለቤት። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አልልም።

"የሸክላ ሠሪ ወሬ ነው እንጂ የጳጳስ ስብከት ነው እንዴ? ጥራቱን አውርደህ እላዩ ላይ ሴቭ አድርገው!"

"መጀመሪያ ሲዲ ላይ ልገልብጠው።"

"በቃ አልኩህ!" እጄን ገፍቶ ቁልፉን ራሱ ተጫነው።

የተጨመቀው እንደገና ተጨመቀ። ስከፍተው የእማማ ወርቄ ንግግር ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ፉጨትና ጉርምርምታ ሆኗል፤ ከሦስት ቃል አንዱ እንኳ አይሰማም። ዋናው የለም። ዝግጅቱም ቀረ።

መስከረም ላይ እማማ ወርቄ አረፉ። ልጃቸው አስካለ በጥቁር ልብሷ መጣች።

"የእማዬን ድምፅ ስጠኝ፤ ለአርባዋ ዘመድ ይስማት።"

ተሾመ ከኋላዬ ቆሞ "ማሽኑ ተበላሽቶ ጠፋ በላት" ብሎ አንሾካሾከ።

"ማሽኑ... ተበላሽቶ ጠፋ" አልኳት።

አስካለ ዛሬም እዚያው ሰፈር አለች። መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ጉንጬን ስማ "አንተማ የተቻለህን አድርገሃል፣ እግዜር ይስጥህ" ትለኛለች። ተሾመን ስንት ዓመት ረገምኩት! ይገባዋል። ግን ያንን ውሸት እሷ የሰማችው ከኔ አፍ ነው፤ ምርቃቷንም እስከ ዛሬ ዝም ብዬ እቀበላለሁ።