ለዝምታ «ጎበዝ» የሚል አስተማሪ

ፕላዝማ እንዴት ያስተምር እንደነበር አስቀድሜ ላስረዳ። ይህን ያላየ ሰው መምህር አለምነው ለምን እንደተቆጣ አይገባውም፤ እኔንም እስከ ዛሬ ለምን እንደሚያንገበግበኝ አይገባውም።

በ1998 ዓ.ም. መካነ ሰላም ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ተቆልፎ ገባ። ትምህርቱ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርዳል። በአገሪቱ ያለ ዘጠነኛ ክፍል ሁሉ በአንድ ሰዓት አንድ ነገር ያያል። መሣሪያው ድንቅ ነበር፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው! ልብ ተከፍቶ ደም በአንዱ በር ሲገባ፣ በሌላው ሲወጣ ያሳያል። ጠመኔ ይህን ከየት ያመጣል? ቁም ነገሩ ወዲህ ነው፦ መምህሩ ሳጥኑን ከፍቶ ርዕሱን ያስተዋውቃል፤ ከዚያ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ፕላዝማው ሲጨርስ በቀረችው ሽራፊ ደቂቃ ያጠቃልላል። ተማሪዎቹ መምህራኑን «ዲጄ» አሏቸው። የከተማው ሰው ደግሞ «ከፋች» አላቸው።

አለምነው የወረኢሉ ልጅ፣ የሒሳብ መምህር ነው። አንድ ልማድ ነበረው። አንድ መስመር ይጽፍና ዞሮ የልጆቹን ፊት ያያል። የገባው ልጅ ቅንድቡ ይለቃል፤ ያልገባው ቶሎ ብሎ ደብተሩ ላይ ያጎነብሳል። የገባው የሚመስለው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ራሱን ይነቀንቃል፤ አለምነው የሚፈራው ይህኛውን ነበር። የሚቀጥለውን መስመር የሚጽፈው ፊቶቹን አንብቦ ሲጨርስ ነው። ማስተማር ማለት ይኸው ነው፤ ቀሪው ማውራት ነው።

ፕላዝማው ግን ፊት አያይም። ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ መልስ የሰጠ ሰው ይኑር አይኑር «በጣም ጥሩ! ጎበዞች!» ብሎ ያልፋል።

አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሩ አቶ በላይ ክፍሉን ሊጎበኙ መጡና ከኋላ ተቀመጡ። ትምህርቱ ስለ መስመር ስሎፕ ነበር። ፕላዝማው ጠየቀ። ክፍሉ ጸጥ አለ። «በጣም ጥሩ! ትክክል ነው!» አለ ፕላዝማው። አቶ በላይ ራሳቸውን ነቅንቀው ማስታወሻ ያዙ።

አለምነው ከጥጉ ወጣ። «አቶ በላይ፣ ይቅርታ፣ ማን ነው የመለሰው?»

«ምን አልክ?»

«ጎበዝ የተባለው ልጅ የቱ ነው? ላጨብጭብለት ብዬ ነው።»

ልጆቹ ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑ። አለምነው አልሳቀም። ሄዶ ፕላዝማውን አጠፋው።

«ያልገባው?» አለ በአማርኛ።

ልጆቹ ደብተራቸው ላይ አጎነበሱ። ከትምህርቱ መጀመሪያ ጀምሮ ዝም ሲሉ የተመሰገኑ ልጆች ናቸው። በመጨረሻ ሀዲያ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኔ... ስሎፕ ምን እንደሆነ ራሱ አልገባኝም።»

«ጎበዝ!» አለ አለምነው፤ ይኼኛው እውነተኛ ነው። «የሣር ቤት ጣሪያ ለምን ይሾላል?»

«ዝናቡ እንዳያድርበት።»

«የቆርቆሮውስ?»

«እሱማ ቢጋደምም ውሃ አይዝም።»

«ከግድግዳው ጫፍ ተነሺ። አንድ ክንድ ወደ ጎን ስትሄጂ ስንት ክንድ ሽቅብ ትወጫለሽ? በሣሩ ብዙ፣ በቆርቆሮው ጥቂት። ሽቅቡን ለጎኑ አካፍዪው፤ ስሎፕ እሱ ነው።»

የሀዲያ ቅንድብ ለቀቀ። ከኋላዋ ያለው ልጅ «ቁልቁል ሲሆንስ?» አለ። ሌላው «ግድግዳስ?» አለ። ግድግዳስ! ይህ ጥያቄ ምን ያህል ድንቅ እንደሆነ ለማስረዳት ሌላ ሙሉ ጽሑፍ ያስፈልገኛል። አቶ በላይ ግን ብድግ ብለው «የአገር ንብረት አጥፍቶ ስለ ሣር ቤት ያወራል!» ብለው ወጡ።

አለምነው ከክፍሉ ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚለው ጉዳይ ለወላጆች ስብሰባ ቀረበ። ቀድሞ የተነሳው የሀዲያ አባት አዩብ ነው፤ ከጅዳ የተመለሰ ሰው ነው።

«እኔ ጅዳ ስሠራ በሩ ሳይቀር ሳትነካው ይከፈታል። ወላሂ! እኛ ዘንድ መሣሪያ ሲመጣ ከፋቹ ያጠፋል!»

«ጋሽ አዩብ፣» አለ አለምነው፣ «በሩ እርስዎን አውቆ ነው የሚከፈተው?»

«ለማንም ይከፈታል።»

«ድመት ብትመጣስ?»

«ለድመትም።»

«ፕላዝማውም እንደዚያ ነው። ክፍሉ ውስጥ ድመት ብትቀመጥ ‹ጎበዝ› ይላታል። ሀዲያን ከድመት የሚለይልዎትን ሰው ነው ዛሬ የሚያስነሱት።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ልጃቸው እዚያው ክፍል የምትማር መሪጌታ ይርዳው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። «እኔ ደቀ መዝሙሩን ፊቴ አስቀምጬ፣ ሲሳሳት አርሜ ነው የማስተምር። ትምህርቱ ከሰማይ ይወርዳል አላችሁ። ሰማይ ያለ መምህር እኔ የማውቀው አንድ ነው፤ እሱም ቢሆን ሰው ሆኖ ወረደ!»

አዩብ ሳይቀር ሳቀ። «መሪጌታ፣ በዚህስ አሸነፉን!»

አቶ በላይ አልሳቁም። «መመሪያ መመሪያ ነው» አሉ።

አለምነው ተዛወረ። የት? ከዓባይ በረሃ አፋፍ፣ መብራት ወዳልደረሰበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ፕላዝማ የለም፣ ሳጥን የለም፣ ሰሌዳና ልጆች ብቻ። ማስተማርን ለመምህር ቅጣት አድርገው ሰጡት! በእሱ ቦታ የስፖርት መምህሩ ተመደበ፤ «ማብራት ለማን ይከብዳል?» ተባለ። መሣሪያውን የሠራው መሐንዲስ ራሱ ፊቱን እያዩ ሲሳሳት ያረሙት መምህራን ፍሬ መሆኑን በዚያ አዳራሽ ያሰበ ባለሥልጣን አልነበረም። መምህርን ያቃለሉት መሣሪያ ስላከበሩ አይደለም። መሣሪያ መልሶ አይጠይቃቸውም፤ ስለዚህ ተመቻቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሀዲያን ቤት ውስጥ ደብተሯን ዘርግታ ፈዝዛ አባቷ አገኛት።

«ምነው?»

«አልገባኝም አባ።»

«ጠይቂያ! አፍ የለሽም?»

«ማንን?»

በማግስቱ አዩብ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄዶ አለምነው ይመለስ አለ።

«ምን ጎደላችሁ?» አሉት ርዕሰ መምህሩ። «ፕላዝማው እንደሆነ አንድ ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።»

«እሱማ አይበላሽም፤» አለ አዩብ፣ ያለ ፈቃድ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። «የተበላሸችው ልጄ ናት። አስተማሪዋን እስክትመልሱ ከዚህ አልነሳም።»