በፀሐይ ፎቶ ያትሙ የነበሩት ጋሽ ዘውዴ

ጋሽ ዘውዴ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሐኪም ጋራ ሥር ባለው ቤታቸው፣ በተኙበት አርፈዋል። ቀብራቸው በማግስቱ ተፈጽሟል። በቅርብም በሩቅም ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፍላችሁ፣ ሃያ ዓመት ያህል ጎረቤታቸው፣ በሥራቸውም ተማሪያቸው የነበርኩ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ።

የተዋወቅነው ከጎጃም ተመድቤ በመጣሁበት ዓመት ነው። በሬን አንኳኩተው የጠቆሩ ጣቶቻቸውን አሳዩኝና፣ «የኬሚስትሪ አስተማሪ ነሽ አሉኝ። ይህ የፎቶ ማተሚያ ብር ከእጄ እንዴት ይለቅልኛል?» አሉ። ቆዳው ራሱ እስኪለወጥ ከመጠበቅ በቀር መላ እንደሌለው ነገርኳቸው። «እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ ሌላ መልስ ይኖርሽ እንደሆን ብዬ ነው» ብለው ሳቁ።

ፎቶ ቤታቸው ፈረስ መጋላ ነበር። ዲጂታል ካሜራ ሲበዛ ዘጉት። ከአባታቸው የወረሷቸውን የመስታወት ኔጋቲቮች ግን ቤታቸው አምጥተው በጥንቱ ዘዴ ያትሟቸው ጀመር። ወረቀቱን ጨው ውኃ ውስጥ ይነክሩታል፤ ሲደርቅ በጨለማው ክፍል ብርሃን ሲነካው የሚጠቁር የብር ሙሙት በብሩሽ ይቀቡታል፤ መስታወቱን ደርበው በእንጨት ፍሬም ያጠብቁትና ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ያኖሩታል። ምስሉ ቀስ እያለ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ቶሎ ቶሎ ገልጬ ማየት ስፈልግ፣ «ተይው፣ ሰውዬው ይምጣ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ኤረር በር አጠገብ የሚኖሩ አዴ ፋጡማ የሚባሉ ባልቴት መጡ። ሟች ባላቸው በወጣትነታቸው በጋሽ ዘውዴ አባት ዘንድ ፎቶ ተነሥተው ነበር፤ ሌላ ምስል የላቸውም። መስታወቱ ተፈልጎ ተገኘ። በሳምንቱ፣ እኔም አጠገባቸው ቆሜ፣ ጋሽ ዘውዴ ፍሬሙን ሲያጠብቁ ቋ አለና መስታወቱ ለሁለት ተሰበረ።

መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔ፣ «ሳጥኑ ውስጥ ተሰብሮ አገኘነው ብንላቸውስ?» አልኩ። ያን በማለቴ ዛሬም አፍራለሁ።

«የሰበርኩት እኔ ነኝ። እኔው እነግራቸዋለሁ» አሉኝ።

ስባሪውን በጨርቅ ጠቅልለን አብረን ሄድን። ጋሽ ዘውዴ ገና ከደጃፉ ሳያልፉ፣ «አዴ፣ መስታወቱን ሰብሬብዎታለሁ። በእጄ ነው የሆነው» አሉ።

አዴ ፋጡማ ጨርቁን ፈቱት። «ፊቱስ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ፊታቸው ደህና ነው። ስንጥቁ በትከሻቸው ነው ያለፈው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሴትዮዋ። «እንግዲያ ያትሙልኝ።»

ጋሽ ዘውዴ ሁለቱን ስባሪ ገጥመው አተሙላቸው። ስንጥቁ በባልዬው ትከሻ ላይ እንደ ጥቁር ክር ወጣ። በቀለም ልሸፍነው ቢሏቸው አዴ ፋጡማ እምቢ አሉ።

ባለፉት ሁለት ዓመታት የጋሽ ዘውዴ ዓይን ደከመ። ወረቀቱን የምቀባው እኔ ሆንኩ፤ እሳቸው ግቢው ውስጥ ተቀምጠው «ማን መጣ?» ይሉኛል። ባለ ሻሿ ሴትዮ ናት፣ ጢማሙ ሽማግሌ ናቸው እያልኩ የየሰዉን መልክ እነግራቸዋለሁ። ስማቸውን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

ለቀብሩ የሚያዝ ፎቷቸውን ስንፈልግ ቤቱን ሁሉ አገላበጥነው። ስንት መቶ ሰው ባለበት ቤት የእሳቸው የለም። የተገኘው መልኩ የለቀቀ የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነው። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት አዴ ፋጡማ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሁላችንን ሲያወጡ፣ የእሳቸውን የሚያወጣ አላገኙም?» አሉ።

ጋሽ ዘውዴ፣ ነፍስዎን እግዚአብሔር ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ካሜራው ከቤትዎ አልጠፋም፤ እኔም ከጎንዎ አልጠፋሁም። አንድ ቀን እንኳ «እስቲ ወደዚህ ይዩ» አላልኩዎትም። ፊት ለፊትዎ ቆሜ የሌላውን ሰው መልክ ስነግርዎ፣ የእርስዎን ማስቀረት ትዝ አላለኝም። ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።