ተበዳይ የጠፋበት ዕርቅ

በ1993 ዓ.ም.፣ ነሐሴ ላይ ነው። ክረምቱ ጠንክሮ ነበር።

የረጠበ ጋቢ ሲሸተኝ ያ ነሐሴ ይመጣብኛል። ባለፈው እሑድ እዚህ ፍኖተ ሰላም ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ዝናብ እየደበደባቸው መጥተው ከቅጽሩ ዛፍ ሥር ከጎኔ ተጠለሉ። ጋቢያቸው ጭስ ጭስ፣ እርጥብ ጥጥ ይሸታል። ልቤ ከቅዳሴው ወጥቶ አባቴ ዘንድ ሄደ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ የተመለሰው ወንጌል ሊነበብ ሲል ነው።

ቤታችን ከማንኩሳ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቡሬ የሚያልፈው መኪና ድምፁ እንጂ አቧራው የማይደርስበት መንደር ነበር። አባቴ አንድ በሬ ነበረው። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴም፣ አንድ በሬ ነበረው። በእኛ አገር እንዲህ ያሉ ሰዎች ይቀናጃሉ። ሁለቱን በሬ በአንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። የእኛው በሬ ግንባሩ ነጭ ስለሆነ ቦራ እንለው ነበር፤ የአጎቴ ግራጫ ስለሆነ ዳለቻ ይባላል። አብረው ስለኖሩ ሲራመዱ እግራቸው ይገጥም ነበር።

በፊተኛው ዓመት ሰኔ ዝናቡ ዘገየ። በመጨረሻ አንድ ሌሊት ሲያወርደው አደረ። ሲነጋ የማረስ ተራው የአጎቴ ነበር፤ በሬዎቹ ግን እኛ በረት አድረው ነበር። አባቴ፣ "የእኔ ጥቁር አፈር ነው፤ አንድ ዝናብ ከደገመው አይታረስም" ብሎ፣ ወንድሙን ሳይጠይቅ ጠምዶ ወጣ። አጎቴ በሬዎቹን ፍለጋ ሲመጣ አባቴን ከትልሙ እኩል ላይ አገኘው። ዳለቻን ከቀንበሩ ፈታው። ከዚያ ዞር ብሎ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም። ሞቷል" አለ።

አባቴም፣ "ደጅዎን ብረግጥ እግሬ ይሰበር!" ብሎ ማለ።

አጎቴም የእኛን ደጅ ላይረግጥ ማለ። ዓመት አለፈ።

የሚያስቀውን ልንገርሽ፣ እኅቴ። በዚህኛው ሰኔ አባቴ ቦራን ከአንድ ጎረቤት በሬ ጋር አቀናጀው። የጎረቤቱ በሬ ቁመቱ እንደ ግንብ ነው። ቀንበሩ ወደ አንድ ጎን ስለሚያጋድል ትልሙ እንደ እባብ ይጠማዘዝ ነበር። አጎቴም ያልተገራ ወይፈን አገኘ። ወይፈኑ ማሳ መሃል ደርሶ ይተኛል። የአጎቴ ጩኸት ከወንዝ ማዶ ይሰማን ነበር፤ ወይፈኑን ሲለምነው፣ ሲሰድበው፣ ደግሞ ሲለምነው።

"ከወንድምህ ነው ወይስ ከበሬው ነው የተጣላኸው?" ትለው ነበር እናቴ አባቴን።

የበሬው ነገር ግን ቀላሉ ነበር። አባቴና እናቴ በቁርባን የተጋቡ ናቸው። ወንድሙን ሳይታረቅ ሥጋ ወደሙ መቀበል እንደማይችል አባቴ ያውቃል። ስለዚህ ቅዳሴው ወደ ማለቁ ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ ለቁርባን ወደ ፊት ሲጠጋ፣ አባቴ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ፣ የጣራው ጠፈጠፍ እየወረደበት ይቆማል። እናቴም ያለ እሱ አልቀርብም ብላ ትቀራለች። እኔ በመስኮቱ አየው ነበር። በሌላ ጊዜ እየዘፈነ የሚያርስ፣ ሳቂታ ሰው ነው። እዚያ ሲቆም ግን ከቤቱ የተባረረ ልጅ ይመስለኝ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። በጾሙ መጀመሪያ የነፍስ አባታችን ወደ ቤታችን መጡ። የአጎቴም ነፍስ አባት እሳቸው ናቸው፤ የአያቴም ነበሩ። እኛን ልጆችን "ውጡ" አሉን። ከግቢው ጫፍ ሆነን የአባቴን ጀርባ ብቻ አየን፤ ጎንበስ ብሎ ብዙ ሲናገር። እሳቸው ከእኛ ወጥተው ዣንጥላቸውን እንደያዙ በጭቃው ወደ አጎቴ ቤት አቀኑ። አባቴ ያን ሳምንት ከመኝታው እየተነሳ የታዘዘውን ስግደት ሰገደ። ጉልበቱ ሲንቋቋ እንሰማና እንስቅ ነበር። እሱም ይስቅ ነበር።

ዓርብ ዕለት ከሜዳው ድንጋይ ሲመርጥ አየሁት።

ልማዱን ታውቂዋለሽ። በዳይ የሆነ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ይጎነበሳል። ተበዳዩ ይቅር ሲል ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። ይቅር ካላለ ማንም አያወርደውም። መሐላ ስላለ ደጅ ለደጅ መሄድ አልተቻለም፤ የነፍስ አባታችን፣ "ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተገኝ፤ እሱንም አመጣዋለሁ" ብለውታል።

እናቴ ድንጋዩን አየችው። "ይህቺ ለጉልቻ እንኳ አትበቃም። ትንሽ ተጸጽቶ መጣ ይሉሃል።"

ሌላ ከበድ ያለ አነሳ። ከዚያ ድንጋዩን አስቀምጦ ቁጭ አለበትና፣ "ባያወርድልኝስ?" አላት። "ባያወርድልኝ ነገም ከውጭ ነኝ።"

"ያወርድልሃል" አለች። እጇ ግን ነጠላዋን ይጠመዝዝ ነበር።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ጋብ አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ጥቂት ሽማግሌዎችና የአጎቴ ሚስት አሉ። አባቴ ከላይ በኩል ድንጋዩን ተሸክሞ፣ መሬት መሬት እያየ ወረደ። እናቴና እኔ ከኋላው ነን። ከታች በኩል ደግሞ አጎቴ መጣ። እሱም መሬት መሬት ያያል። እሱም ትከሻው ላይ ድንጋይ አለ።

የቆመው ሰው ሁሉ አየ፤ ሁለቱ ብቻ አላዩም። ራስ ለራስ ሊጋጩ ትንሽ ሲቀራቸው አባቴ ተጎነበሰ።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።"

"አንተ ይቅር በለኝ" አለ አጎቴ፣ እሱም ተጎንብሶ።

ሁለቱም ቀና አሉ።

"ምንድን ነው የተሸከሙት?"

"አንተስ?"

"እኔማ በዳይ ነኝ። ሳልጠይቅ በሬዎን የጠመድኩ።"

"የምን በሬ! በዳይ እኔ ነኝ። የእናቴን ልጅ በቁሙ ሞቷል ያልኩ።"

"የለም ጋሼ፣ መጀመሪያ የበደልኩ እኔ ነኝ።"

"ዝም በል፣ ታላቅህ ነኝ! አሁንም ተራዬን ልትወስድብኝ ነው?"

መጀመሪያ የሳቀችው የአጎቴ ሚስት ናት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ "እናንተዬ፣ ተበዳይ ጠፋ! ያለ ተበዳይ ዕርቅ እንዴት ይሆናል?" አሉ።

"ተበዳይማ እኔ አለሁ" አለች የአጎቴ ሚስት። "ወይፈኑ ላይ ሲጮህ የከረመው በጆሮዬ ነው!"

"እኔም አለሁ" አለች እናቴ። "ያ ወይፈን ወንዝ ተሻግሮ ጎመኔን ጨርሷል።"

ወንድማማቾቹ ግን አልሳቁም። ድንጋዩ ከብዷቸዋል፤ ላብ በግንባራቸው ይወርዳል። አንዱ ሽማግሌ ሊያግዟቸው ጠጋ ሲሉ የነፍስ አባታችን በመስቀላቸው ከለከሏቸው።

"ተውአቸው። ይህ የወንድም ሥራ ነው።"

አባቴ በግራ እጁ የራሱን ድንጋይ ደግፎ ቀኙን ወደ አጎቴ ትከሻ ዘረጋ። አጎቴም እንዲሁ አደረገ። ግንባራቸው ተነካካ። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይንገዳገዳል፤ አንዱ "ያዝ!" ሲል ሌላው "ይልቀቁ!" ይላል።

"ቀስ በሉ! እግራችሁን!" ብለው ጮኹ የነፍስ አባታችን። "ነገ የሚቆርብ ሰው ዛሬ ጣቱን ያደማል?" ደም የፈሰሰው ሰው አይቆርብምና።

ሁለቱም እግራቸውን ከፈት አደረጉ። ድንጋዮቹ ተከታትለው ከመካከላቸው ጭቃው ላይ ወደቁ። ጭቃው እስከ አጎቴ ጢም ተረጨ። እጃቸው ግን አልወረደም፤ ትከሻ ለትከሻ እንደተያያዙ ቀሩ። የረጠበው ጋቢያቸው የሸተተኝ ያኔ ነው። አጎቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አለቀሰ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለ። አባቴም "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለ።

የነፍስ አባታችን ከመሐላቸው ፈቷቸው፣ በመስቀላቸው ባረኳቸው። ከዚያ ረጅም ስብከት ይጀምራሉ ብለን ስንጠብቅ ይህችን ብቻ አሉ፦ "ሁላችን ድንጋይ ይዘን ነው የምንመጣ። የራሱ ድንጋይ የሌለው አንድ ጌታ ብቻ ነው፤ የእኛን ተሸክሞ ቀራንዮ የወጣውም እሱ ነው። እናንተ የወንድማችሁን አወረዳችሁ። የቀረውን እሱ ያወርድላችኋል።"

እናቴ መስቀሉን ልትሳለም ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባ፣ ሁለቱም ተሸክመው እንደሚመጡ ያውቁ ኖሯል?" አለቻቸው።

"በንስሐ የሰማሁትን እኔም አላውቀውም" አሉ ጥላቸውን እየዘረጉ። "ዝናብ መጣ፤ ግቡ።"

ወደ ቤት ሳንመለስ አጎቴን ሸኝተን ደጁ ጋ ስንደርስ አባቴ ቆም አለ። እግሩን አይቶ ደጁን አየ።

"በል ርገጥ" አለው አጎቴ። "እግርህ ከተሰበረ እኔ አርስልሃለሁ።"

ረገጠ። እግሩም ደህና ነበር።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። አጎቴ ቀደመ፤ አባቴ ዓመት ሳይሞላው ተከተለው። ያን ጊዜስ ተራውን ጠበቀ። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ጎን ለጎን አርፈዋል። እኔም የልጆች እናት ሆኛለሁ። ልጆቼ ሲጣሉ "ማነው የበደለ?" ስላቸው ሁሉም ጣታቸውን ወደ ሌላው ይቀስራሉ። እኔ እስቃለሁ። ለምን እንደምስቅ አያውቁም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ስላሳደጉኝ እግዚአብሔር ይመስገን።

የዕርቁ ማግስት እሑድ ነበር። አባቴ፣ እናቴ፣ አጎቴና ሚስቱ ቆረቡ። አባቴ ያን ቀን ወደ ውጭ አልወጣም። እኔ ከሁለት ቀን በፊት እሾህ ወግቶኝ እግሬ ስለሚደማ አልቆረብኩም። ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ፀሐይ ብልጭ ብላ ነበር፤ መንገዱ ታጥቦ ጠጠሩ ሁሉ ፊቱን አውጥቷል። የቆረበ ሰው እንዳይሰናከልና እንዳይደማ ይጠነቀቃል፤ እነሱም አፋቸውን ሸፍነው፣ ሳይነጋገሩ፣ ቀስ ብለው ይራመዱ ነበር። እኔ ከፊታቸው ቀደም አልኩ። ጎንበስ ቀና እያልኩ ጠጠሩን ወደ ዳር ወረወርኩ፣ የግራሩን እሾህ ለቀምኩ። ቤት እስክንደርስ ከመንገዳቸው ላይ አንድም አላስቀረሁም።