አድባር በአሌክሳንድሪያ

ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር የሚፈላ የፖም ጭማቂ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ካለሁበት ተነስቼ እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ክሪስታል ሲቲ ያለው ቢሯችን ውስጥ አንዱ አፍልቶ ቢጋብዘኝ፣ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ወጣሁ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አሜሪካ ከመጣን ገና ብዙ አልቆየንም። እናቴ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ታስታምም ስለነበር፣ እሳቸው ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ እንኖር ነበር። ጓሮው ውስጥ ያረጀ የፖም ዛፍ ነበረ።

የገና ዋዜማ ሊመሽ ሲል፣ ጎረቤቶች ድስትና መጥበሻ እየደበደቡ ጓሮውን ሞሉት። ፊታቸውን በቅጠል ጭንብል ሸፍነው ነበር። ዛፉን እየዞሩ ዘፈኑለት፣ ሥሩ ላይም ያንን ትኩስ ጭማቂ አፈሰሱለት። ለካ ለመጪው ዓመት ደህና እንዲያፈራ በብርድ ወራት የሚመርቁበት የቆየ ልማድ ነው። እኔ ዘፈኑ ደስ አለኝና በጓሮ በር ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

ልማዱ ደግሞ ከሁሉ ትንሹ ልጅ ቅርንጫፉ ላይ ዳቦ እንዲሰቅል ነበር። አንድ ረጅም ሰውዬ በጭማቂ የራሰ ዳቦ አስያዘኝና ብድግ አድርጎ ወደ ዛፉ አነሳኝ። እናቴን ያየኋት ያኔ ነው።

እናቴ ባደገችበት አገር አድባር የሚባል ዛፍ አለ። ቅቤ ይቀባል፣ ጠላ ይፈስለታል፣ ከተቀየመ ሰው ይወስዳል ይባላል። እሷ «የሰይጣን ሥራ ነው» ብላ ታማትባለች እንጂ ስሙንም ደፍራ አትጠራው። አሁን ግን ልጇን ለዛፍ ሲያቀርቡባት አየች።

በባዶ እግሯ በረዶው ላይ እየሮጠች መጣች። «ልጄን! ልጄን!»

ድስቱ ሁሉ ጸጥ አለ። «ኢትስ ኦኬይ፣ ማሚ!» አልኳት፤ እሷ ስትፈራ ግን እኔም ፈርቼ እጄን ወደ እሷ ዘረጋሁ። ሰውዬው ደንግጦ ጭንብሉን አወለቀ። ማለዳ ማለዳ ውሻውን የሚያንሸራሽር ጎረቤታችን ነበር። «ሶሪ፣ ሶሪ፣ ጀስት ኤ ሶንግ» እያለ አወረደኝ።

እናቴ ዞራም አላየችው። እኔን ቀሚሷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ወደ ዛፉ ቀና ብላ፣ ሰምቼው በማላውቀው የልመና ድምፅ፣ «አድባሯ፣ እሷን ተይልኝ። ሕፃን ናት። እኔን ውሰጂ» አለች።

ስለዚያ ምሽት ተነጋግረን አናውቅም። የሰማኋት አይመስላትም። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ አብረን እንኖራለን፤ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ፣ በአድባርም አላምንም። ግን ዘንድሮ ሳል ጀምሯታል። ሐኪሙ ምንም አይደለም ቢልም፣ በሯ ላይ ቆሜ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ያን ቃሏን ሰምቶ የያዘባት እንዳይኖር እፈራለሁ።

ስትስል ታዲያ፣ ለማን እንደምለው ሳላውቅ፣ «እሷን ትንሽ አቆዪልኝ፣ እባክሽ» የሚል ቃል ካፌ ያመልጠኛል።